የጋዝ ምርኩዝና ብርድ፦ የመኪና የኋላ በር ታሪክ ከሐዋሳ እስከ ሳነቴ

ከአውቶሞቢል አካላት መካከል ሥራቸውን እስኪያቆሙ ድረስ መኖራቸው የማይታወቅ ብዙ ናቸው። ከእነዚህም አንዱ፣ የኋላ በራቸው ወደ ላይ በሚከፈት መኪናዎች ላይ በግራና በቀኝ ተጋድሞ የሚታየው ቀጭን ጥቁር ዘንግ ነው። በየጋራዡ ባጭሩ «የኮፈን ሾክ» ይሉታል፤ በዚህ ጽሑፍ ግን ከሥራው በመነሣት «የጋዝ ምርኩዝ» ተብሎ ይጠራል። ሥራው በሩ ሲከፈት ወደ ላይ መግፋትና ጓዝ የሚጭነው ወይም የሚያወርደው ሰው እስኪጨርስ ድረስ ደግፎ ማቆየት ነው። ይህን ማድረግ ሲሳነው አሥራ አምስት ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን ብረትና መስተዋት በሰው ራስ ላይ ይወርዳል። ስለዚህም ነገሩ ትንሽ ቢመስልም የደኅንነት ጉዳይ ነው።

በሐዋሳና በአካባቢዋ የሚያሽከረክሩ ሰዎች ዘወትር የሚያጋጥማቸው አንድ እንቆቅልሽ አለ። በቀትር በሐዋሳ ከተማ ተከፍቶ ቀጥ ብሎ የሚቆም የኋላ በር፣ በማግሥቱ ማለዳ በባሌ ደጋ ላይ ሲከፈት ቀስ እያለ ይወርዳል። አንዳንዱ ምክንያቱን ለከፍታው ይሰጣል፤ ሌላው ዕቃው ተመሳስሎ የተሠራ ነው ይላል፤ ሌላው ደግሞ ብርዱን ይረግማል። መልሱን ለማግኘት የጋዝ ምርኩዝ ከየት እንደመጣ፣ በውስጡ ምን እንዳለና ወደ ኢትዮጵያ መንገዶች እንዴት እንደደረሰ መመርመር ያስፈልጋል።

፩. ጋዝ እንደ ሞላ

አየር ሲጨመቅ እንደ ሞላ ተመልሶ እንደሚገፋ በሥርዓት የመረመረው እንግሊዝ አገር ይሠራ የነበረው ሮበርት ቦይል ነው። እ.ኤ.አ. በ1662 ባወጣው ሕግ መሠረት፣ ሙቀቱ ሳይለወጥ የአንድ ጋዝ ይዘት በግማሽ ቢቀነስ ግፊቱ እጥፍ ይሆናል። ከአርባ ዓመት ያህል በኋላ ፈረንሳዊው ጊዮም አሞንቶን ሌላውን የነገሩን ገጽታ አሳየ፤ ይኸውም በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ያለ አየር ሲሞቅ ግፊቱ እንደሚጨምር፣ ሲቀዘቅዝም እንደሚቀንስ ነው። ስኮትላንዳዊው ዳንኤል ራዘርፎርድ እ.ኤ.አ. በ1772 ናይትሮጅንን ለየ። ዊልያም ቶምሰን፣ በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1848 ከፍጹም ዜሮ የሚነሣውን የሙቀት መለኪያ አቀረበ። በሐዋሳ የቆመች አንዲት መኪና የኋላ በር ጠባይ በእነዚህ አራት ሰዎች ሥራ ሙሉ በሙሉ ይተረጐማል።

ዕውቀቱ ወደ ምህንድስና የተሸጋገረው መጀመሪያ በጦር መሣሪያ በኩል ነው። የዐድዋ ድል በተገኘ በሁለት ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1898፣ የፈረንሳይ ጦር የታወቀውን የ75 ሚሊ ሜትር መድፍ ተቀበለ። የዚህ መድፍ ልዩነት፣ ሲተኰስ ወደ ኋላ የሚሸሸው አፈሙዝ በዘይትና በተጨመቀ አየር ተይዞ ወደ ቦታው እንዲመለስ መደረጉ ነው። ዘይቱ እንቅስቃሴውን ያረጋጋል፤ አየሩ እንደ ሞላ ይመልሳል። ይህ የሥራ ክፍፍል ዛሬም በእያንዳንዱ የጋዝ ምርኩዝ ውስጥ ሳይለወጥ ይገኛል።

ወደ አውቶሞቢል የገባው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ሲትሮኤን የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1955 ባቀረበው ዲኤስ በተሰኘው መኪና ላይ የብረት ሞላን አስቀርቶ ናይትሮጅን የታመቀባቸውን ክብ ዕቃዎች ተጠቀመ። በዚያው አሥር ዓመት ፈረንሳዊው መሐንዲስ ክርስቲያን ቡርሲዬ ደ ካርቦን የነደፈው በአንድ ቱቦ ውስጥ ዘይትና ናይትሮጅን የያዘ አሞርዛተር፣ በጀርመኑ ቢልሽታይን ኩባንያ ተሠርቶ ለገበያ ዋለ። በኮብሌንዝ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1934 የተቋቋመው ስታቢሉስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1962 የጋዝ ምርኩዝን በብዛት ማምረት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ይህ መሣሪያ ከመኪና በር አልፎ የቢሮ ወንበር ከፍና ዝቅ ማድረጊያ፣ የሆስፒታል አልጋ መደገፊያ፣ የማሽን ክዳን መያዣ ሆኗል።

ናይትሮጅን የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው። ርካሽ ነው፤ ከዘይት ጋር ተዋሕዶ አይነድም፤ ብረት አያዝግም፤ ወደ ፈሳሽነት የሚለወጠውም ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሲደርስ በመሆኑ በማንኛውም የምድር ብርድ ጋዝ ሆኖ ይቆያል። ይሁን እንጂ ጋዝ ሆኖ መቆየቱ ግፊቱ አይቀንስም ማለት አይደለም።

፪. በሩ ወደ ላይ የተከፈተበት ዘመን

የጋዝ ምርኩዝ ሥራ ያገኘው የመኪና ቅርጽ በመለወጡ ነው። ሲትሮኤን እ.ኤ.አ. በ1938 ለነጋዴዎች ባቀረበው መኪና ላይ የኋላውን ግድግዳ ለሁለት ከፍሎ፣ አንዱን ወደ ላይ ሌላውን ወደ ታች እንዲከፈት አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1954 ይኸው መኪና እንደገና ሲወጣ በሩ አንድ ወጥ ሆኖ ከላይ በማጠፊያ ተንጠለጠለ። እ.ኤ.አ. በ1961 ረኖ 4፣ በ1965 ረኖ 16፣ በ1974 ደግሞ ፎልክስዋገን ጎልፍ ተከታትለው በመውጣታቸው «ሀችባክ» የሚባለው ቅርጽ የጥቂት ነጋዴዎች ዕቃ መሆኑ ቀርቶ የተራው ቤተሰብ መኪና ሆነ።

ቅርጹ አዲስ ችግር አስከተለ። የቀድሞው የዕቃ ማስቀመጫ ክዳን ቀላል ቆርቆሮ ስለነበረ በሞላ ወይም በሚጠመዘዝ የብረት ዘንግ ይደገፍ ነበር። የሀችባክ በር ግን መስተዋቱን፣ መጥረጊያውን፣ አንዳንድ ጊዜም መብራቱን ጭምር ተሸክሞ የሚነሣ ነው። ይህን በተራ ሞላ ለመደገፍ ሰፊ ቦታ ያስፈልጋል፤ በእጅ በሚተከል ዘንግ መደገፍ ደግሞ ለተጠቃሚው አድካሚ ነው። እርሳስ የሚያህል ዘንግ ያለው የጋዝ ምርኩዝ በጠባብ ቦታ ትልቅ ኃይል ስለሚሰጥ መፍትሔ ሆኖ ተገኘ።

የአሠራሩ ብልሃት እንዲህ ነው። በቱቦው ውስጥ ያለው ፒስቶን ጋዝ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ስላለው ግፊቱ በሁለቱም ወገን እኩል ነው። ሆኖም በአንደኛው ወገን ዘንጉ የያዘው ስፋት ግፊት አያርፍበትም። የሚገፋው ኃይል እንግዲህ የውስጡ ግፊት ከውጭው አየር ግፊት ሲቀነስ ቀሪው በዘንጉ ስፋት ተባዝቶ የሚገኘው ነው። ዘንጉ 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ኃይሉም 400 ኒውተን የሆነ ምርኩዝ በውስጡ ወደ 80 ባር የሚጠጋ ግፊት ይዟል። ይህም ከቤት መኪና ጎማ ግፊት ከሠላሳ እጥፍ በላይ ነው።

፫. ወደ ኢትዮጵያ መንገዶች

አውቶሞቢል ኢትዮጵያ የገባው በ1900 ዓ.ም.፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ እንግሊዛዊው ቤዴ ቤንትሊ ከጠረፍ እስከ አዲስ አበባ ነድቶ ባመጣው መኪና ነው። የጥገናው ሙያ ቋንቋ ግን ከእንግሊዝኛ ይልቅ ከጣሊያንኛ ብዙ ወስዷል። ሞላ፣ ባሌስትራ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካቻቢቴ፣ ኮፈን የሚባሉት ቃላት ሁሉ ከዚያ የመጡ ናቸው። የጋዝ ምርኩዝ በዚህ የቃላት ጐተራ ውስጥ የራሱ ስም የለውም፤ ዘግይቶ ስለመጣ «ሾክ» ከሚለው ስም ጋር ተጠግቶ ይኖራል። ስም ማጣቱም ለጥገናው ከተሰጠው ግምት ጋር የሚሄድ ነው።

ለረጅም ዘመን በኢትዮጵያ መንገዶች ላይ የነበሩት መኪናዎች ምርኩዙን አይፈልጉም ነበር። የላንድሮቨር ረጅሙ መኪና የኋላ በር ወደ ጎን ይከፈታል። የፊያት 124 ልጅ የሆነችውና በአዲስ አበባ ታክሲነት ስሟ የገነነው ላዳ የኋላ ኮፈኗን የምታነሣው በሚጠመዘዙ የብረት ዘንጎች ነው። ብረት ደግሞ በብርድ ኃይሉን አይቀንስም ማለት ይቻላል። ከሐዋሳ ሙቀት እስከ ባሌ ውርጭ ቢወሰድ ለውጡ ከመቶ አንድ ያህል እንኳ አይሞላም። የዚያ ዘመን አሽከርካሪ ስለዚህ ጉዳይ ሳያስብ መኖሩ እንግዲህ አያስደንቅም።

ነገሩን የለወጡት የጃፓን መኪናዎች ናቸው። በመጀመሪያ ቶዮታ ሃይስ፣ ሕዝቡ እንደየሞዴሉ «አባዱላ»፣ «ዶልፊን» እያለ የሚጠራው ሚኒባስ፣ ሰፊና ከባድ የኋላ በሩን በጋዝ ምርኩዝ እያነሣ በየመናኸሪያው ተሰለፈ። ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ1999 ጃፓን ውስጥ የወጣችው፣ በሌላው ዓለም ያሪስ የምትባለው ቪትዝ መጣች። እ.ኤ.አ. ለ2000 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብላ የተመረጠችው ይህች ትንሽ ሀችባክ በኢትዮጵያ ከተሞች እጅግ ተወዳጅ ሆነች። ነዳጅ ትቆጥባለች፤ መለዋወጫዋ ይገኛል፤ ስትሸጥም ዋጋዋን ትይዛለች። ብዙዎቹ ግን የገቡት በሌላ አገር ለዓመታት ካገለገሉ በኋላ ነው። መኪናዋ ስትገባ ሞተሯ ይታያል፣ ቀለሟ ይታያል፣ ጎማዋ ይታያል፤ ምርኩዟን የሚያይ ብዙ አይደለም።

፬. የሐዋሳ ሙቀትና የደጋው ብርድ

ሐዋሳ በ1952 ዓ.ም. አካባቢ በስምጥ ሸለቆ ሐይቅ ዳር የተቆረቆረች፣ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ከተማ ናት። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የሲዳማ ክልል ርእሰ ከተማ ናት። ከፍታዋ 1,700 ሜትር ያህል ሲሆን ቀኑ ሞቃት፣ የበጋው ሌሊት ግን ቀዝቃዛ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት በቀትር ወደ 28 ዲግሪ የሚደርሰው ሙቀት ጎሕ ሲቀድ ወደ 10 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ መኪናዋ ከከተማዋ ሳትወጣ እንኳ በአሥራ ሁለት ሰዓት ውስጥ የአሥራ ስምንት ዲግሪ ልዩነት ታያለች።

ከሐዋሳ የሚወጡ መንገዶች ወደ ባሰ ብርድ ያደርሳሉ። ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሲዳማ ደጋ፣ የሐገረ ሰላም አገር፣ ይገኛል። ወደ ሰሜን ሻሸመኔ ደርሶ ወደ ምሥራቅ ለሚታጠፍ መንገዱ በዶዶላና በአዳባ አድርጎ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ወደሚገኝባት ዲንሾ ይወጣል፤ ከፍታዋ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ ደግሞ 4,000 ሜትር በሚያልፈው የሳነቴ አምባ ላይ ይሻገራል። በዚያ በበጋ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፤ የሙቀቱም መጠን ከዜሮ በታች ይሆናል። በሐዋሳ ቀትር የተነሣ መንገደኛ በማግሥቱ ማለዳ በዜሮ ዲግሪ ጓዙን ያወርዳል።

፭. ስሌቱ የሚናገረው

አሞንቶን ያሳየውን በኬልቪን መለኪያ ማስላት ቀላል ነው። 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማለት ከፍጹም ዜሮ 293 ዲግሪ ላይ ነው። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲወርድ ግፊቱ፣ ከእርሱም ጋር የምርኩዙ ኃይል፣ ከመቶ 3.4 ያህል ይቀንሳል። ይህ በአዲሱም በአሮጌውም፣ በርካሹም በውዱም ምርኩዝ ላይ እኩል የሚሠራ ሕግ ነው።

ለምሳሌ ያህል 15 ኪሎ ግራም የሚመዝን፣ ሲከፈት የክብደት ማዕከሉ ከማጠፊያው ግማሽ ሜትር የሚርቅ በር ይወሰድ። ወደ ታች የሚያዞረው ኃይል 73.5 ኒውተን ሜትር ነው። ሁለቱ ምርኩዞች ከማጠፊያው በ11 ሴንቲ ሜትር ርቀት የሚገፉ ቢሆን እያንዳንዳቸው ቢያንስ 334 ኒውተን መስጠት አለባቸው። ከዚህ በታች የሆነ እንደሆን በሩ ይወርዳል።

አዲሱ ምርኩዝ በ20 ዲግሪ 400 ኒውተን ይሰጣል እንበል። በዜሮ ዲግሪ 373 ይሆናል። ይህም ከሚፈለገው በላይ ስለሆነ በሩ በዲንሾ ብርድም ይቆማል። ፋብሪካዎች ምርኩዛቸውን አብዛኛውን ጊዜ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ እስከ 80 ዲግሪ ሙቀት እንዲያገለግል ስለሚነድፉት ይህ የሚጠበቅ ነው።

አሁን ደግሞ በዕድሜ ብዛት ጋዙ ሾልኮ ኃይሉ ከመቶ 12 የቀነሰ ምርኩዝ እንመልከት። በ20 ዲግሪ 352 ኒውተን ይሰጣል፤ በሩ ይቆማል። በሐዋሳ ማለዳ፣ በ10 ዲግሪ፣ 340 ይሆናል፤ አሁንም በጭንቅ ይቆማል። በዲንሾ በዜሮ ዲግሪ ግን 328 ይሆንና በሩ ይወርዳል። ባለቤቱ «ትናንት ደኅና ነበረ» ቢል እውነቱን ነው። ምርኩዙ ግን ትናንትም ደኅና አልነበረም፤ የሐዋሳ ሙቀት ደካማነቱን ሸፍኖለት ነበር።

ከመቶ 15 የቀነሰው ደግሞ የሐዋሳን ማለዳም አይችልም። በቀትር በ28 ዲግሪ 349 ኒውተን ስለሚሰጥ ምንም ሕመም አይታይበትም፤ ጎሕ ሲቀድ በ10 ዲግሪ 328 ሲሆን ይወድቃል። ከመቶ 12ና ከመቶ 15 መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ወራት ሊሆን ይችላል። በመሆኑም የደጋው ብርድ ለሐዋሳ አሽከርካሪ ጠላት ሳይሆን አስቀድሞ የሚያስጠነቅቅ መርማሪ ነው።

ለከፍታው የሚሰጠው ክስስ? ከፍታ ሲጨምር የውጭው አየር ግፊት ይቀንሳል፤ ይህ ግን ምርኩዙን ይረዳዋል እንጂ አይጎዳውም፤ ወደ ውስጥ የሚገፋው አየር ሳስቷልና። በሐዋሳና በሳነቴ መካከል ያለው ልዩነት በ8 ሚሊ ሜትር ዘንግ ላይ ሲሰላ ወደ አንድ ኒውተን ብቻ ነው። ስለዚህ ከፍታው ነፃ ነው፤ ጥፋተኞቹ ዕድሜና ብርድ ሁለቱ በአንድነት ናቸው።

ብርዱ ሁለት ተጨማሪ ሥራዎችም ይሠራል። ዘይቱን ስለሚያወፍረው በሩ ሲከፈት ይንቀራፈፋል። የጎማ ማሸጊያውን ደግሞ ያደርቀዋል። የማሸጊያው ጎማ ባረጀ ቁጥር ናይትሮጅን በእርሱ ውስጥ ቀስ በቀስ እየሰረገ ይወጣል፤ የስምጥ ሸለቆው ደቃቅ አቧራ ዘንጉ ላይ ተቀምጦ በየመክፈቻው ሲገባ ደግሞ ማሸጊያውን ይቦረቡረዋል።

፮. በጋራዥና በደጃፍ

ደካማ ምርኩዝ ያለው ሰው በመጀመሪያ የሚያነሣው ዱላ ነው። ይህ መናቅ የለበትም፤ በትክክል ከተደረገ ዱላ ከደከመ ምርኩዝ ይልቅ የታመነ ነው። አደጋው ዱላው እንደ ነገሩ ሲደገፍና ሲንሸራተት ነው። ርዝመቱ ተለክቶ፣ ጫፎቹ ጎማ ለብሰው፣ በመኪናው ውስጥ ቋሚ ቦታ ቢሰጠው እስከ መለወጫው ቀን ድረስ ራስንና ጣትን ያድናል። በተለይም ከሚኒባስ ኋላ ጓዝ የሚያወርዱ ረዳቶች ቀኑን ሙሉ በበሩ ሥር ስለሚውሉ ይህ ለእነርሱ ቅንጦት አይደለም።

በብርድ ማለዳ መኪናን ጀርባዋን ለፀሐይ ሰጥቶ ማቆም ጥቂት ይረዳል፤ ጋዙ በሞቀ መጠን ኃይሉ ይመለሳልና። ምርኩዙን በእሳት ወይም በፍላሽ ማሞቅ ግን ሰማንያ ባር የታመቀበትን ቱቦ ወደ ፈንጂነት መለወጥ ነው። እንደዚሁም አጠገቡ መበየድ፣ ቱቦውን መሰርሰር፣ በመጋዝ መቁረጥ ወይም ከአሮጌ ብረት ጋር እሳት ውስጥ መጣል ፈጽሞ ሊደረግ አይገባም። ዘንጉንም ግሪስ መቀባት አቧራ መሰብሰብ ስለሆነ በንጹሕ ጨርቅ መጥረግ ብቻ ይበቃዋል።

ምርመራው ብዙ መሣሪያ አይጠይቅም። በብዙ ምርኩዞች ቱቦ ላይ የተሠራበት ኃይል በኒውተን ተጽፎ ይገኛል። ከመኪናው የተፈታውን ምርኩዝ ዘንጉን ወደ ታች አድርጎ በሰው ሚዛን ላይ በማቆም፣ መግባት እስኪጀምር ቀጥ አድርጎ በእርጋታ መጫን ይቻላል። 400 ኒውተን ወደ 41 ኪሎ ግራም፣ 334 ኒውተን ደግሞ ወደ 34 ኪሎ ግራም ነው። በሰበቃ ምክንያት ሚዛኑ ከእውነተኛው ኃይል ጥቂት ከፍ ያለ ሊያሳይ ስለሚችል፣ ከአዲስ ምርኩዝ ጋር ማነጻጸር ይበልጣል። ምርመራው በቀዝቃዛ ማለዳ ቢደረግ ውጤቱ የበለጠ እውነት ይናገራል፤ በቀትር የተመረመረ ምርኩዝ በውሸት ምስክርነት ሊያልፍ ይችላልና።

ለውጡ ሲደረግ በሩ በቅድሚያ በጠንካራ ነገር ይደገፋል፤ ከዚያ አንዱ ተፈትቶ አዲሱ ከገባ በኋላ ሌላው ይለወጣል። ሁለቱን በአንድነት መለወጥ ግድ ነው። አንዱ ብርቱ ሌላው ደካማ ከሆነ በሩ እየተጣመመ ማጠፊያውን ይጎዳል። አገጣጠሙም ሕግ አለው። በሩ ሲዘጋ ዘንጉ ወደ ታች መሆን አለበት። እንደዚያ ሲሆን በቱቦው ውስጥ ያለው ጥቂት ዘይት በማሸጊያው ላይ ተኝቶ እርጥብ ያደርገዋል፤ ጋዙም እንዳይሾልክ ይዘጋዋል። ተገልብጦ የተገጠመ ምርኩዝ በመጀመሪያው ቀን ልዩነት የለውም፤ ዕድሜው ግን ያጥራል።

በአዲስ አበባ በመርካቶ ሶማሌ ተራ፣ እንዲሁም በየክልሉ የመለዋወጫ ሱቆች፣ ከሌላ መኪና የተፈታ ምርኩዝ መግዛት የተለመደ ነው። በብረት አካል ላይ ይህ ብዙ ጊዜ ብልህነት ነው፤ በጋዝ ምርኩዝ ላይ ግን የሚገዛው የሌላ ሰው ዕድሜ ነው። የተጻፈበትን ቁጥር ማንበብ፣ ርዝመቱን ማመሳሰልና ኃይሉን በሚዛን መፈተን ከሻጩ ቃል በላይ ዋስትና ይሰጣል።

፯. ትንሹ ዕቃና የሙያው ድርሻ

የጋዝ ምርኩዝ ጉዳይ ከዚህ በኋላ ይበልጥ እንጂ ያነሰ አይሆንም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በአሮጌ ተሽከርካሪዎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ከዚህም የተነሣ አሁን በመንገድ ላይ ያሉት ቪትዞች የሚተካቸው እኩያ ሳይመጣ ለብዙ ዓመታት ማገልገላቸው አይቀርም። መኪናው ባረጀ ቁጥር ምርኩዙ ያረጃል፤ ምርኩዙን ለመተካትም የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል።

ወደ አገር የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪናዎችም ከጥያቄው አያመልጡም። ከእነርሱ መካከል በርካቶቹ በራቸውን የሚያነሡት በኤሌክትሪክ ሞተር በሚዞር ብሎን ነው። የሚያስገርመው፣ በብዙዎቹ በዚህ መሣሪያ ውስጥ ሞተሩን የሚያግዘው የብረት ሞላ መሆኑ ነው። ብረት በብርድ እምብዛም ስለማይለወጥ መሐንዲሶች ላዳ ወደምታውቀው የብረት ኃይል በሌላ መንገድ ተመለሱ ማለት ነው። ይሁንና ዋጋው ከተራው ምርኩዝ ብዙ እጥፍ ነው፤ ሲበላሽም በዱላ ብቻ አይታለፍም።

እዚህ ላይ ለሙያ ባልደረቦች የሚቀርብ ሥራ አለ። የመጀመሪያው ዓመታዊውን የተሽከርካሪ ምርመራ ይመለከታል። ፍሬን፣ መብራትና ጎማ ሲታዩ የኋላ በሩ ተከፍቶ መቆሙንም ማየት አንድ ደቂቃ አይወስድም፤ በሚኒባሶች ላይ ደግሞ ከፍ ያለ ትርጉም አለው። ሁለተኛው ናይትሮጅንን እንደገና መሙላትን ይመለከታል። ሥራው የግፊት መለኪያ፣ የመከላከያ ሳጥንና የሠለጠነ ሰው ባሉበት ቤት ሊሠራ የሚችል ነው፤ እነዚህ በሌሉበት ግን ሕይወት ያሳጣል። ስለዚህ እንዲያው ዝም ብሎ መከልከል ወይም ዝም ብሎ መፍቀድ ሳይሆን ደንብ ማውጣት ያሻዋል። ሦስተኛው ትምህርትን ይመለከታል። በሐዋሳም ሆነ በሌላ ከተማ የሚማር የቴክኒክ ተማሪ የጋዝን ሕግ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ብቻ ከሚያጠናው፣ አንድ የደከመ ምርኩዝ ወስዶ በማለዳና በቀትር በሚዛን ቢለካው፣ አሞንቶን ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ያየውን በገዛ እጁ ያገኘዋል።

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ብሂል ለዚህ ጉዳይ የተነገረ ይመስላል። የምርኩዝ ድካም በአንድ ቀን አይመጣም፤ ከመቶ ሦስት፣ ከመቶ አምስት እያለ ይጠራቀማል፤ ብርድ በመጣ ቀንም ሒሳቡን በአንድ ጊዜ ይጠይቃል። በዲንሾ ማለዳ ዝቅ ያለ በር ያየ አሽከርካሪ ሐዋሳ ሲመለስ ቀጥ ብሎ ቆመ ብሎ ቢተወው፣ የተሰጠውን ማስጠንቀቂያ ሙቀት እንዲያስረሳው ፈቀደ ማለት ነው። ወደ ጋራዥ የሚሄድበት ቀን ያ ቀን ነው።